«በእኛ ጊዜ እኮ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት ማታ በሻይ ክበባችን አንድ ወሬ ተነሥቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አላባራም። ወሬው ስለ ልጅነት ነበር። ከእጩ መምህራን መካከል ድሬዳዋ፣ ቀፊራና አካባቢው ያደግን አምስት እንሆናለን። አንዱ ቁርቁራ ሲለቅም ከዛፍ የወደቀበትን፣ ሌላው ከሽቦ የሠራትን መኪና፣ አንዷ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት እናቷ የላኳትን ረስታ የተቆነጠጠችውን አወራች። ሳቅን፤ ጥቂትም ቆዘምን። ገና በሃያ ዓመታችን «በእኛ ጊዜ እኮ» ማለት መጀመራችንን ያስተዋልነው በማግሥቱ ነው።

እንደሚታወቀው ቀፊራ ገበያ ነው። ቅስት ያለውን በር አልፎ ለገባ ልጅ ግን ትምህርት ቤትም ነበር። ጠዋት ጠዋት ወተትና ከሰል ይዘው የሚመጡ ሴቶች፣ እንጨት የጫኑ ግመሎች፣ የሳምቡሳና የባጊያ ሽታ። እናታችን ሽንኩርትና ሎሚ ግዙ ብላ ስትልከን አንዷን ሻጭ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ ያለችውን በሶማልኛ፣ ሌላዋን በአማርኛ ሰላም ብለን ነበር የምናልፈው። ማን አስተማረን? ማንም። መልስ ቆጥሮ መቀበልንም የለመድነው እዚያው ነው። አምስት ብር ያጎደለ ልጅ ተመልሶ ይላካላ! ማታ ደግሞ ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ሜዳችን ነበር። ሁለት ድንጋይ ጎል፣ የጨርቅ ኳስ፣ በቃ። ያጠፋን እንደሆነ የማንም እናት ትቆጣን ነበር፤ የእኛ እናት ስትሰማ ደግሞ ትደግመናለች።

ይህን ለወላጆቻችን ብናወራ ይስቁብናል። «እናንተ ምን አያችሁ! ልጅነት ማለት የባቡሩ ፉጨት ሲሰማ ከዚራ ድረስ መሮጥ ነበር» ይሉናል። እውነት ነው። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት በ1895 ከጅቡቲ የደረሰው ባቡር ነው። የድሮው መስመር መደበኛ አገልግሎቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲቋረጥ እኛ ገና ሕፃናት ነበርን። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ በሩጫ የሚደረስበት አይደለም። አያቶቻችን ደግሞ በወላጆቻችን ይስቃሉ። «የእናንተማ በሰልፍና በቀበሌ ሱቅ ያለቀ ልጅነት! ጥሩው የእኛ ነበር» ይላሉ።

እንዴት ነው ነገሩ? ሦስት ትውልድ በሦስት ዘመን ጥሩው የኔ ነበር ካለ፣ አንድም ሁሉም ተሳስቷል፣ አንድም ሁሉም የሚናፍቀው አንድ ነገር ነው። እኛ ሁለተኛውን እናምናለን። የሚናፍቁት ድህነቱን አይደለም፤ ባቡሩንም ብቻ አይደለም። ሲጫወቱ የሚያያቸው ሰው መኖሩን ነው። ዕቃው ጥቂት፣ ሰው ግን ብዙ ነበር።

ይሁንና ትዝታ የማይነግረን ነገር አለ። ልጅነታቸውን የሚያሞግሱት የአንዳችን አያት ፊደል የቆጠሩት በልጅነታቸው አይደለም፤ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ ታቅፈው ነው። በነሐሴ 1969 ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ ልጆች የነበሩ ሰዎች ያን ጊዜ «ቀላል» አይሉትም። ያ የምንወደው ደቻቱ ራሱ በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እኛ ያን ጊዜ ወይ አልተወለድንም፣ ወይ በጀርባ ታዝለን ነበር። በአሸዋው ላይ ስንራገጥ ታላላቆቻችን ሰማዩን ሽቅብ እያዩ «ደመና ካያችሁ ውጡ!» የሚሉን ለምን እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው። ለእኛ ቀላል የሆነው፣ ከባዱን ሌላ ሰው ስለተሸከመልን ነበር።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በተግባር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ስልክ ሲገሥጽ «እኛ በእናንተ ዕድሜ ውጭ ነበር የምንጫወተው» አለ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ቲቸር፣ እኛ የት እንጫወት?» አለው። ጓደኛችን መልስ አልነበረውም። በኋላ ሲነግረን እኛም አልነበረንም። ባዶ የነበረው ቦታ ቤት ተሠርቶበታል። መንገዱን ባጃጅ ይዞታል። ደቻቱን ወላጅ ይፈራዋል፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ደግሞ ደወል እንደተደወለ ይቆለፋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አቦ ተዉን፤ መፍትሔው ስልኩን መቀማት ነው» ይላሉ። እኛ አንስማማም። እናት እስከ ማታ ገበያ ላይ ስትውል ልጇ ስልክ ይዞ ቤት መቀመጡ ቢያንስ ያለበትን ያሳውቃታል። ስልኩ ሜዳውን አልቀማም፤ ሜዳው ከሄደ በኋላ ነው ባዶውን ሰዓት የሞላው። ቀምተን ምን እንሰጠዋለን? ደግሞስ ማታ ማታ አልጋችን ላይ ሆነን ስልክ የምንጎረጉር እኛው አይደለንም?

በበኩላችን የሚከተለውን እናስባለን። አንደኛ፣ ስንመደብ በየምንደርስበት ትምህርት ቤት ግቢው ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት እንዲከፈትና በተራ እየቆየን እንድንጠብቅ እንጠይቅ። ወጪው የአንድ መምህር አንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ጨዋታውን ወደ ክፍል እናስገባ። ብይ ለመደመርና ለመቀነስ፣ ሰኞ ማክሰኞ ለቁጥር ተራ፣ ቀፊራን የመሰለ ትንሽ ገበያ ለሂሳብና ለቋንቋ ይሆናል። የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ጠፋ እያልን የምናማርር ሰዎች ቆርኪና ጠጠር እንዴት አጣን? ሦስተኛ፣ አያቶችን ክፍል ጋብዘን እናስወራ፤ ግን ሙሉውን። ፉጨቱንም፣ ጎርፉንም፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉበትንም። ግማሹን ብቻ የሰማ ልጅ የተወለደበትን ዘመን ይጠላል።

የዛሬ ሃያ ዓመት እነዚያ የአራተኛ ክፍል ልጆች በተራቸው «በእኛ ጊዜ እኮ» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የሚያነሡት ነገር እንዲኖራቸው ማድረግ በከፊል የእኛ ሥራ ነው። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። መምህሮቻችንስ ምን ትላላችሁ? ጓደኞቻችንስ? መልሳችሁን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።