የሆርሞን ተቀባይ ዘረመልና የአልዛይመር ደዌ

እ.ኤ.አ. በ1901 በ51 ዓመታቸው ፍራንክፈርት በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የገቡት ወይዘሮ ኦጉስተ ዴተር፣ ስማቸውን እንዲጽፉ ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር በጠየቃቸው ጊዜ፣ «ወይዘሮ» የሚለውን ካሰፈሩ በኋላ የቀረው ከልባቸው እየጠፋ ቃል በቃል ይነገራቸው ነበር። በሐኪሙ ስም የተጠራው ደዌ ከዚያ ወዲህ እጅግ ቢመረመርም፣ ከሕሙማኑ ሴቶች የሚበዙበት ምክንያት ገና አከራካሪ ነው፤ ዕድሜያቸው ስለሚረዝም ነው የሚለው መልስ ሁሉንም ስላላሳመነ፣ የብዙ ሊቃውንት ጥርጣሬ የወር አበባ ሲቋረጥ በሚያሽቆለቁለው ኤስትሮጅን በተባለው ሆርሞን ላይ አረፈ።

ነገር ግን ኤስትሮጅን በሕዋስ ውስጥ የሚቀበለው ካላገኘ ግብሩን ሊፈጽም አይቻለውም። ተቀባዮቹ በዋናነት ሁለት፣ አልፋና ቤታ፣ ናቸው፤ የአልፋው ዘረመል በ6ኛው ክሮሞሶም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታወቀው የቤታው ደግሞ በ14ኛው ላይ ይገኛል፤ ሁለቱም ትውስታ በሚታነጽበት የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ያገለግላሉ። በአልፋው ዘረመል ላይ አብዝተው የተመረመሩት ሁለቱ የልዩነት ነጥቦች፣ ፒቪዩ ሁለትና ኤክስቢኤ አንድ የሚባሉት፣ ፕሮቲኑ ከመሠራቱ በፊት ተቆርጦ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ስላሉ የተቀባዩን ቅርጽ አይለውጡም፤ ቢበዛ መጠኑን ይነኩ ወይም በአጠገባቸው ያለ ሌላ ለውጥ ምልክት ይሆኑ ይሆናል። አንዱ ጥናት ለደዌው ያጋልጣሉ ሲል ሌላው ምንም አላገኘሁም ማለቱ፣ እንዲህ ያለ ደካማ ምስክር ሲመረመር የሚጠበቅ ነው።

ስለዚህ ይህን ልዩነት እንደ ብያኔ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል ባይ ነኝ፤ እጅግ የበረታው ዘረመል እንኳ በየሕዝቡ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጥምና። በ19ኛው ክሮሞሶም ያለው የአፖኢ ዘረመል ኢፕሲሎን 4 ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1993 ከደዌው ጋር ያለው ቁርኝት ከተገለጠ በኋላ የአደጋው ዋና ምልክት ሆኖ ሳለ፣ በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ በዮሩባ አረጋውያን ዘንድ ያን ኃይሉን አላሳየም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ጥናትም በዚያ ደዌው በየዓመቱ የሚይዛቸው ሰዎች መጠን በኢንዲያናፖሊስ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ካለው ከግማሽ ያነሰ ነበር።

እንግዲህ የተቀባዩ ዘረመል ጥናት ከንቱ ነውን? አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ሌላ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ታላቅ ሙከራ፣ ዕድሜያቸው 65 ከሞላና ከዚያ በላይ ከሆነ 4,532 ሴቶች መካከል ኤስትሮጅንን ከፕሮጀስቲን ጋር ከወሰዱት 40ዎቹ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን 21ዱ ብቻ ትውስታንና አስተሳሰብን በሚያዳክመው በዲሜንሺያ ተያዙ። ጠባቂ ይሆናል የተባለው መድኃኒት አደጋውን በእጥፍ አሳደገው። ብዙዎች ከዚህ በኋላ ሆርሞኑን ኮነኑ፤ እኔ ግን ጥፋቱን በጥያቄው አጠባበብ ላይ አኖራለሁ፤ የወር አበባቸው ከቆመ ብዙ ዓመት ያለፋቸውን እናቶች ተቀባያቸው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይለዩ አንድ ኪኒን ማዋጥ፣ የሚሰጠውን እንጂ የሚቀበለውን አለመመርመር ነው። ወደፊት የሚደረጉ ሙከራዎች ሴቶችን በተቀባያቸውና በአፖኢ ዓይነት፣ የወር አበባቸውም ከቆመ ባለፉት ዓመታት ልክ መድበው መጀመር አለባቸው፤ የሰው ዘር ልዩነት እጅግ የሚበዛባትን አፍሪካንም ከዝርዝሩ ሊያስቀሯት አይገባም።