እንግዳ ተቀባዩ እንግዳ ሲሆን

በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ሲገቡ፣ ትምህርት ቤቶችም የነዋሪው ቤትም ተከፈቱላቸው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን አስጠጊዎቹ ራሳቸው መጠጊያ ፈላጊ ሆኑ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲመለሱ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ሳይቀሩ ተዘርፈው ጠበቋቸው።

በዚያ ሰሞን ስንቱ አማኝ «ጌታ ሆይ፣ ምን በደልን?» ብሎ አልቅሷል። ይህን መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም፤ ጻድቁ ኢዮብም ጠይቋል።

መከራ በራሱ ማንንም አያጠራም። አንዱን ያመርረዋል፤ ሌላውን ያለሰልሰዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው በኋላ፣ በራችን ሲንኳኳ ነው። ትናንት በሰው ቤት ያደረ ሰው «እኔንስ ማን አሰበኝ?» ካለ ቁስሉ ገና አልሻረም ማለት ነው፤ አይፈረድበትም፣ ይጸለይለታል። እንደ አባቶቻችን «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ካለ ግን እምነቱ በስሏል። ሲሰጥ ያልተማረውን ትሕትና ሲቀበል ተምሮታልና።

እናም በዚህ ወር ከልጆቻችሁ ጋር ማዕድ ስትቀርቡ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ በተቸገርን ጊዜ ማን ደረሰልን? ከዚያም ያንን ደግነት ለማን እንደምታሻግሩት አብራችሁ ወስኑ።