የችሮታ ንግድና የንግድ ችሮታ



በዚህ የገና ሰሞን በከተማችን ጎዳናዎች የሚመላለስ ሰው ከበጉና ከዶሮው ዋጋ ሌላ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በየሱቁ መስተዋት ላይ የሚለጠፈው የማስታወቂያ ቃል ተለውጧል። ቀድሞ «ታላቅ ቅናሽ» ይል የነበረው አሁን «ከእኛ ሲገዙ ወገንዎን ይረዳሉ» ይላል። ነጋዴው ነጋዴ ነኝ ብሎ መቅረብ ያሳፈረው ይመስል፣ ራሱን ከበጎ አድራጊዎች ተራ አሰልፎ ይታያል።

ባለፈው ሳምንት ለልጆቼ ጫማ ልገዛ ከአንዱ ሱቅ ገብቼ ነበር። ከግድግዳው ላይ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የተወሰነው ለወላጅ አልባ ሕፃናት እንደሚውል ተጽፏል። «የተወሰነው ማለት ስንት ነው? ለየትኞቹስ ሕፃናት?» ብዬ ሻጭዋን ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ ጋሼ፣ ስቀጠርም ተለጥፎ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። ልጅቱ አልዋሸችም። ጫማውን ገዛሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤቴ ገባ።

የጫማ ነገር ከተነሣ ዘንድ በዓለም ላይ ስሙ የገነነውን ምሳሌ ማየት ይበጃል። ብሌክ ማይኮስኪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. «ቶምስ» የተሰኘ የጫማ ኩባንያ አቋቋመ። አሳቡ ለማንም የሚገባ ነበር፤ አንድ ጥንድ ጫማ በተሸጠ ቁጥር አንድ ጥንድ ለድኻ ልጅ ይሰጣል። ገዢው ወደደው፣ ኩባንያውም ገነነ፣ የታደለውም ጫማ ከ90 ሚሊዮን ጥንድ በላይ ሆነ። ይሁንና ብሩስ ዋይዲክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በኤል ሳልቫዶር ገጠሮች ባደረጉት ጥናት ያገኙት ውጤት እንደ ማስታወቂያው አልነበረም። ልጆቹ ጫማውን ወደውታል፣ አድርገውታልም። ነገር ግን አብዛኞቹ ቀድሞውንም ጫማ ነበራቸውና በጤናቸውም ሆነ በትምህርታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ይባስ ብሎ የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ይልቅ «ለቤተሰባችን የሚያስፈልገውን ሌላ ሰው ሊያሟላልን ይገባል» ወደሚል አሳብ ያዘነበሉ ሆነው ተገኙ። ለኩባንያው ክብር መነገር ያለበት ነገር፣ ለጥናቱ በሩን የከፈተው ራሱ መሆኑ ነው። ስንቱ ነጋዴ ይህን ይደፍራል?

ሆኖም ነገሩን በዚህ ዘግተን «ሁሉም ማታለያ ነው» ብንል እንሳሳታለን። በአገራችን በወላይታና በሌሎች ደጋማ ስፍራዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር አለ። በዚያ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ እያበጠ፣ ቆዳው እየሻከረ ይሄዳል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሕመሙ ከትል ወይም ከወባ ትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አስረድተዋል። ለዚህ ሕመም ዋነኛው መከላከያ ጫማ ነው፤ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያው ኩባንያ የተገኘ ጫማ በአገራችንም ለዚሁ ሕመም መከላከያ ታድሏል። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ያው ጫማ በአንዱ አገር ትርፍ ዕቃ፣ በሌላው አገር መድኃኒት ሆነ። ልዩነቱ የመጣው ከሰጪው ቅንነት ሳይሆን «የምረዳው ሰው የጎደለው ምንድር ነው?» ብሎ አስቀድሞ ከመጠየቅና ካለመጠየቅ ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ግማሽ ድርሻውን ለአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጠ፤ በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ አበዳሪዎቹ ተረከቡት፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ለአንዱን ስጦታ ትቶ ከትርፉ አንድ ሦስተኛውን ለበጎ ሥራ እሰጣለሁ ወደማለት ተሻገረ።

ከጫማው ይልቅ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። ፕሮፌሰር መሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ድኾች ያበደሩት ከኪሳቸው ያወጡትን 27 ዶላር ነበር። ከዚያ የተነሣው ግራሚን ባንክ ኋላ ከፍተኛው ድርሻው የተበዳሪዎቹ ሆነ፤ መሥራቹና ባንኩም በ2006 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። አሳቡ ወደ ሜክሲኮ በተሻገረ ጊዜ ግን ሌላ መልክ ያዘ። «ኮምፓርታሞስ» በ1990 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ተጀምሮ ኋላ ወደ ንግድ ኩባንያነት ተለወጠ፤ በ2007 ዓ.ም. ሠላሳ በመቶ ያህል አክሲዮኑን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ሽያጩ ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። በዚያን ጊዜ ድኻ ሴቶች ይከፍሉት የነበረው ወለድ ታክሱን ጨምሮ በዓመት ወደ መቶ በመቶ ይጠጋ ነበር። ስሙ በስጳንኛ «እንካፈል» ማለት መሆኑ ነገሩን የበለጠ መራራ ያደርገዋል። ፕሮፌሰር ዩኑስም በአደባባይ ነቀፉት።

የኩባንያው ሰዎች መልስ ነበራቸው። «ትርፍ ካላሳየን ባለሀብቱ ገንዘቡን አያመጣም፤ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ለጥቂቶች ብቻ እናበድራለን» አሉ። የተበዳሪው ቁጥር በእርግጥ በዝቷል። በ2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የታተመ የምሁራን ጥናትም ብድሩ እንደተፈራው ተበዳሪዎቹን በጅምላ እንዳልጎዳ፣ እንደተወራውም ከድኽነት እንዳላወጣቸው አሳይቷል። መጠነኛ ጥቅም ሰጠ፤ ለባለአክሲዮኖቹ ግን ጥቅሙ መጠነኛ አልነበረም። በእኔ አስተያየት ነውሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ባንክ ነኝ ብሎ ቢያበድር ኖሮ እንደ ባንክ ይመዘን ነበር። እርሱ ግን በምጽዋት ስም ገብቶ በገበያ ዋጋ ወጣ።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ የምናውቅ ሁሉ ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። መሬታቸውን ሸጡ፣ ከዋጋውም ከፍለው አመጡ። ሐዋርያው የወቀሳቸው ገንዘብ ስላስቀሩ አልነበረም፤ መሬቱም ዋጋውም በእጃቸው ነበርና። የወቀሳቸው ከፊሉን አምጥተው ሙሉውን አመጣን ስላሉ ነው። ነጋዴ ማትረፉ አያስወቅሰውም። «የተወሰነው» የምትለዋ ቃል ግን የሰጲራ ቃል እንዳትሆን እፈራለሁ።

ለዚህ ሌሎች አገሮች በሕግ መላ ፈልገዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2005 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማኅበረሰብ ጥቅም ቆሜያለሁ የሚል ኩባንያ በዚሁ ስም ተመዝግቦ፣ ንብረቱ ከተነሣበት ዓላማ እንዳይወጣ ታስሮ፣ በየዓመቱ ለማን ምን እንዳደረገ መግለጫ ያቀርባል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ነግደው ገቢ እንዲያገኙ ፈቅዶ፣ ትርፉን አባላት እንዳይከፋፈሉት ከልክሏል። ተራው ነጋዴ የሚለጥፈውን ወረቀት ግን ማን ይመረምራል? ዕድራችን እንኳ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ገቢና ወጪውን ሳያነብ ስብሰባው አይበተንም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጉዳዩ ከደብራችን ደጃፍ ስለደረሰ ነው። አንድ ነጋዴ ለበዓሉ ለስድሳ ችግረኛ ቤተሰቦች ዘይትና ዱቄት ሊሰጥ ፈቀደ። ነገር ግን ዕደላው የድርጅቱ ሰንደቅ ተሰቅሎ፣ ተቀባዮቹም ከሥሩ ፎቶግራፍ እየተነሡ እንዲሆን ጠየቀ። ኮሚቴያችን ለሁለት ተከፈለ። ከሁሉ ይልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተቃወምሁት እኔ ነበርሁ፤ ከላይ የጻፍሁትንም በሞላ ጎደል በዚያ ስብሰባ ተናግሬዋለሁ። ንግግሬን ስጨርስ የሰንበቴያችን እናት የሆኑ አንዲት አረጋዊት፣ «ልጄ፣ ዘይቱ እንኳ እውነተኛ ዘይት ነው፤ ልጆቹም አልበሉም። ፎቶግራፉ ካስፈለገው እናንተ ተነሡለት» አሉኝ።

ነጋዴው ተጠየቀ። ሳያንገራግር ተስማማ፤ ለእርሱ ሰው ከሰንደቁ ሥር መቆሙ እንጂ ማንነቱ ግድ አልነበረውም። ይህ ቅንነት ይሁን ቸልተኝነት እስካሁን አልለየሁትም። የዘይቱ ሊትርና የዱቄቱ ኪሎ በሰንበቴው መዝገብ ተጻፈ፣ ቤተሰቦቹም ባለፈው እሑድ ያለ ካሜራ ተቀብለው ሄዱ። እንግዲህ በዚህ በዓል ሰሞን በአንድ ሱቅ መስተዋት ላይ ነጠላ ያጣፋ፣ የዘይት ጀሪካን የታቀፈ፣ ፊቱ የከበደው ሰው ፎቶግራፍ ብታዩ ያ ሰው እኔ ነኝ።