ዕረፍትህን በስሜን ተራሮች

አንባቢ ሆይ፤ የዓመት ዕረፍትህ ሲደርስ ምን ለማድረግ አስበሃል? ብዙዎቻችን ቀኑን በቡና ቤት ወንበር ላይ እንጨርሰውና ወደ ሥራችን ስንመለስ ከመውጣታችን በፊት ከነበረው የበለጠ ደክሞን እንገኛለን። የስዊስን ተራሮች በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ አይተን እናደንቃለን፤ የገዛ አገራችንን ስሜንን ግን ከትምህርት ቤት ካርታ አልፈን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ስሜን ይሁን።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ስትጓዝ ደባርቅ ትደርሳለህ። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት በዚያ ስለ ሆነ መግቢያውን ከፍለህ፣ መንገድ መሪ፣ ጠመንጃ ያነገበ ጠባቂ፣ ጓዝህን የሚጭን በቅሎም ከነነጂው ይዘህ ትነሣለህ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ እያለ ሽቅብ ይወጣል።

ይህ ምድር የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ በወጣ ዐለት ነው። ዐለቱ ድርብ በድርብ ተነባብሮ ረጋ፤ በኋላም ዝናምና ወንዝ ሲሸረሽሩት ኖረው እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል አበጁለት። ከእሜት ጎጎ አፋፍ ቆመህ ቁልቁል ብትመለከት አሞራው ከእግርህ በታች ሲያንዣብብ ታያለህ። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ደጀንም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በዚሁ ይገኛል። በሜዳው ላይ ደግሞ ጓሳው እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ጅብራውም እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አውሬውን በሚመለከት ጭላዳን ፈልገህ አትደክምም። ደረቱ ቀይ፣ ወንዱ ባለ ጎፈር ሆኖ፣ ቀኑን በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ዋልያን ለማየት ግን ትዕግሥትና ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም፤ ቁጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ዕድል ከቀናህ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ታያለህ።

ሆኖም ይህ ውበት ያለ ዋጋ አልቆየም። ስፍራው በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም ከእነዚሁ ውስጥ ነበረ። ዋልያው ሲመናመን፣ እርሻና ግጦሽም ሲገፋው፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች አያት ቅድመ አያታቸው የኖሩበትን ቀዬ ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እንግዲህ በግጭ ሜዳ ተቀምጠህ ስንቅህን ስትፈታ፣ ይህ ጸጥታ የሰው ቤት የነበረ መሆኑን አስብ። የጣልኸውን ወረቀት አንሣ፤ ጅብራውን አትቁረጥ፤ ለጭላዳ ዳቦ አትወርውር።

አሁን ስለ ራስህ ልምከርህ። እኔ መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ የአራት ቀኑን መንገድ በሁለት ቀን ልጨርስ ብዬ ተጣደፍሁ። በማግሥቱ ራሴን ፈለጠኝ፤ ሆዴም ተገላበጠ። ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ብዬ ዝም አልሁ። የበቅሎው ነጂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ፊቴን አይተው ልጓሙን ያዙና፣ «ልጄ፣ ተራራው የትም አይሄድም፤ ለከርሞም ታገኘዋለህ። አንተን ግን እናትህ ትጠብቅሃለች» አሉኝ። «ደኅና ነኝ አባባ» ብላቸውም አልሰሙኝም፤ ወደ ታች መለሱኝ። እንደ ወረድን ራሴ ቀለለኝ። ተራራው ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው አየር በባሕር ጠረፍ ከምታገኘው ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሰውነትህ እስኪለምድ ቀስ በል፤ ውኃ አብዝተህ ጠጣ፤ ሕመሙ ከጸናብህ ሳታፍር ውረድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉዞው የተመቸ ነው፤ በተለይ በጥቅምት ዝናሙ አልፎ ምድሩ ገና ለምለም ነው። ሌሊቱ ውኃ እስኪያረጋ ድረስ ይበርዳልና ጋቢህን ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አትርሳ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ አካባቢው ደርሶ ነበርና፣ ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ጎንደር ላይ አጣራ። ወጪው ለአንድ ደመወዝተኛ የሚከብድ ቢሆን አራት አምስት ሆናችሁ ሂዱ፤ መሪውንም በቅሎውንም ትካፈላላችሁ።

የበቅሎ ነጂውን ምክር ሰምቼ በዓመቱ ተመለስሁ። ተራራው እንዳሉት በቦታው ቆሞ አገኘሁት። ዋልያውንም አየሁ። አንተም ለማየት ያብቃህ። በሚመጣው ሳምንት እንገናኝ።