አንገት ላይ ስለሚገባው ቱቦ ሳይጠይቁ አይፈርሙ

ለከባድ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ የያዘ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ‹‹እግሬ ይንቀሳቀስ ይሆን?›› ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሰመመን ሲነቃ ግን አንገቱ ላይ በክር የተያያዘ ቱቦ አግኝቶ ይደነግጣል፤ ቤተሰቡም ‹‹የታከመው ጀርባው አልነበረም እንዴ?›› ይላል።

ሐኪሞች ‹‹ሴንትራል ላይን›› ይሉታል። እጅ ላይ ከሚገባው ካኑላ ረዘም ያለ ሲሆን፣ ጫፉ ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ የደም ሥር ይደርሳል። ሁሉም ታካሚ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ የጎበጠ አከርካሪ ሲቃና ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፤ የወረደ የደም ግፊትን የሚያነሱ ጠንካራ መድኃኒቶችም በትንሽ የደም ሥር ለረጅም ጊዜ ቢሰጡ ሥጋን ሊጎዱ ይችላሉ። ታካሚው በሆዱ ከተኛ በኋላ ደግሞ አንገቱን ማግኘት ስለሚያስቸግር ቱቦው ቀድሞ ይገባል። ጀርመናዊው ሐኪም ቨርነር ፎርስማን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 በራሱ ክንድ በኩል ቱቦ እስከ ልቡ ሲያደርስ ክፉኛ ተነቅፎ ነበር፤ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ቱቦው ሲገባ ሳንባን ሊወጋ ወይም ደም ሊያፈስ ይችላል። ከገባ በኋላ ዋናው ስጋት ኢንፌክሽን ነው። ይህ ደግሞ ዕድል ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እጅ መታጠብን፣ ሙሉ የመከላከያ ልብስን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳትን፣ ብሽሽትን መተውንና የማያስፈልግ ቱቦን ማውጣትን ደንብ አድርገው ኢንፌክሽኑን እስከ 66 በመቶ መቀነሳቸው በ2006 ታትሟል። ከአምስቱ አብዛኞቹ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ስለዚህ በየቀኑ ‹‹ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል?›› ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ሐኪምን መዳፈር አይደለም።

በሐዋሳ ሆስፒታሎች ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታና ከምዕራብ አርሲ የመጡ ሕሙማን ይታከማሉ። ሁሉም አማርኛ አይሰማም። በማያውቁት ቋንቋ ተነግሮ የተፈረመ ወረቀት ስምምነት ሊባል አይገባውም፤ ሆስፒታሎች በሲዳሙ አፎም ሆነ ታካሚው በሚገባው ሌላ ቋንቋ ማስረዳትን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግዴታ ሊቆጥሩት ይገባል። አስታማሚ ባለበት ዋርድ ደግሞ ምክሩ ለእርሱም ይድረስ፦ እጅዎን ሳይታጠቡ ሕመምተኛውን አይንኩ፤ የቱቦውን ክዳን በፍጹም አይክፈቱ፤ ፕላስተሩ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ነርስ ይጥሩ። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንገትና የክንድ እብጠት ከታየ እስከ ነገ አይጠብቁ።

ቱቦው የሚወጣው በባለሙያ ብቻ ነው። ያኔ አየር ወደ ደም ሥር እንዳይገባ ጋደም ይበሉ፣ ሲባሉ ትንፋሽዎን ይያዙ፤ ቦታው በደንብ ተጭኖ ከታሸገ በኋላም ባለሙያው ሳይፈቅድ ቀና አይበሉ።