“ፋይሉ ጠፍቷል” አትበሉን

ተናደናል።

የተናደድነው በኮምፒውተር አይደለም። ኮምፒውተር ምን በወጣው! የተናደድነው ኮምፒውተሩን እንደ ሐሰተኛ ምስክር ከፊታችን በሚያቆሙብን ሰዎች ነው። “ኮምፒውተሩ ላይ የለም”፣ “ኮምፒውተሩ በልቶታል”፣ “ፋይሉ ጠፍቷል” የሚሉንን ማለታችን ነው።

የአንዳችን እናት (የማንኛችን እንደሆኑ አንነግራችሁም) በአንድ መሥሪያ ቤት 27 ዓመት አገልግለዋል። ጡረታ ሊወጡ ነውና የአገልግሎት ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል። ደብዳቤው ተጽፏል። ከዓመት ዓመት ሲከፈላቸው የነበረውን ደመወዝ የሚያሳይ ሠንጠረዥም ተሠርቶ ተያይዟል። ኃላፊው ሊፈርሙ ብዕር ሲያነሡ የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ አገኙ። “ትስተካከልና አምጡልኝ” አሉ። ያቺን ፊደል የምታስተካክለው ጸሐፊ ግን በማግሥቱ የወሊድ ፈቃድ ወጣች። አለቀ!

እናታችን ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው ቀን ሁለታችን አብረናቸው ሄድን። ተተኪዋ ልጅ፣ እውነት ለመናገር፣ ጨዋ ናት። ኮምፒውተሩን ከፍታ እያየን ፈለገች። ዴስክቶፑ በፋይል ከመሸፈኑ የተነሳ ከጀርባ ያለው ሥዕል አይታይም። “ዶክመንት 1”፣ “ዶክመንት 1 የመጨረሻ”፣ “ደብዳቤ”፣ “ደብዳቤ አዲሱ”፣ “ኒው ፎልደር”፣ “ኒው ፎልደር (2)”... እያለ እስከ “ኒው ፎልደር (7)” ይዘልቃል። አራተኛው ውስጥ ሌላ “ኒው ፎልደር” አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ የሰው ሠርግ ፎቶ።

“እናቴ፣ ፋይሉ ጠፍቷል መሰለኝ። እሷ ስትመለስ ቢመጡ ይሻላል” አለች ልጅቷ። እሷ ስትመለስ ማለት እንግዲህ ሕፃኑ አንገቱን ሲያጸና ነው።

አሁን ደግሞ የሚያናድደውን ስሙ። እኚህ ሴት 27 ዓመት የሠሩት ምን ላይ መሰላችሁ? መዝገብ ቤት! እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ምድር ቤት። በእሳቸው ጊዜ እያንዳንዱ ፋይል ቁጥር ነበረው። ከመደርደሪያ የወጣ ፋይል ማን እንደወሰደው ይፈረምበታል። የገባው ደብዳቤ በገቢ፣ የወጣው በወጪ ይመዘገባል። የእሳቸው የራሳቸው የወረቀት ፋይል ያን ዕለት ሲጠየቅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አቧራው ተራግፎ መጣ፤ የቅጥር ደብዳቤያቸው ሳይቀር። ጠፋ የተባለው ባለፈው ወር በኮምፒውተር የተጻፈው ነው። እንዲህ ነው ዘመናዊነት!

ኮምፒውተሩ ይህን ሥርዓት ከየት አመጣው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያስቃችኋል። ከመዝገብ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ ስታር የሚሰኝ ኮምፒውተር ለገበያ ሲያቀርብ ስክሪኑ ላይ የሣለው የቢሮ ጠረጴዛ ነበር፤ ሰነድ፣ ፎልደር፣ መሳቢያ፣ የገቢና የወጪ ቅርጫት ሳይቀር። አፕል በ1984 በማኪንቶሽ ተከተለ፤ ማይክሮሶፍት በ1995 በዊንዶውስ 95 ለዓለም ሁሉ አዳረሰው። “ፎልደር” ማለት እናታችን በብብታቸው ይዘውት ይሄዱ የነበረው ካርቶን ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ታዲያ መሥሪያ ቤቶቻችን ኮምፒውተር ሲገዙ የመጀመሪያውን ሥልጠና የመዝገብ ቤት ሴቶች እንዲሰጡ በማድረግ ፈንታ ምን አደረጉ? ምድር ቤት ተዋቸው።

ሥልጠና ካልን አይቀር “ቤዚክ ኮምፒውተር” የሚባለውን ነገር እናንሣው። እኛም ወስደናል። በክረምት፣ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው እየተጋፋን። ጽሑፍ ማድመቅ ተማርን። ማስመር ተማርን። ፓወር ፖይንት ላይ ፊደላት እየተሽከረከሩ እንዲገቡ ማድረግ ተማርን (እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አልገባንም)። መምህሩ “ሴቭ በሉት” ይለናል፤ እናደርጋለን። በማግሥቱ “የትናንቱን ክፈቱ” ሲል ግማሹ ክፍል አያገኘውም። “በቃ አዲስ ጀምሩ” ይላል። ያችን “በቃ አዲስ ጀምሩ” ተምረን፣ በወርቃማ ጠርዝ ያማረ ሰርተፊኬት ተቀብለን ወጣን። ሰርተፊኬቱ አሁንም አለ፤ ስካን የተደረገው ኮፒ ግን የት እንዳለ አንጠይቅ።

እኛ የምንለው ግልጽ ነው። ፋይል የት እንደሚቀመጥ ያላስተማረ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ክፍያውን ይመልስ! መጻፍ ከመማር በፊት ማስቀመጥ ይቀድማል። አንድ ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን።

ምን ይባል በዚያ ቀን? እንዲህ ይባል፤ “ሴቭ አዝ” ስትሉ የሚከፈተው መስኮት ከላይ በኩል አድራሻ ይጽፍላችኋል። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ያችን አንድ መስመር አንብቧት። ታክሲ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ወያላው የሚጠራውን ትሰሙ የለ? እንደዚያ ነው። ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው የመገናኛ ታክሲ ተሳፍሮ “ሜክሲኮ ጠፋ” አይልም።

ቀጥሎ ዴስክቶፕ ራሱ ፎልደር መሆኑ ይነገር። ብዙ ሰው ዴስክቶፕን ከኮምፒውተሩ ውጭ የተለጠፈ ግድግዳ ያደርገዋል። አይደለም። በተለምዶ ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ዩዘርስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በስማችሁ በተከፈተው ፎልደር ሥር ነው። “ዶክመንትስ” የሚለውም እዚያው ጎረቤቱ ነው። ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ኮምፒውተሩ የታመመ ቀን ይጠቅማል። ጠጋኙ ጋ ትወስዱታላችሁ፤ “ፎርማት ይፈልጋል” ይላችኋል። ፎርማት ብሎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ሲጭን የሚጠርገው ሲን ነው። ዴስክቶፑ ላይ የከመራችሁት ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። ከእኛ ባች ልጆች አንዷ የመመረቂያ ጽሑፏን ያጣችው እንዲህ ነው፤ ሦስት ወር የለፋችበትን ቃለ መጠይቅ ጨምሮ። ጠጋኙ “ዲ ላይ ያለውን አልነካሁም” አላት። ልክ ነበር፤ አልነካም። ዲ ላይ ግን ፊልም እንጂ ሌላ አልነበራትም።

ዲ ላይ አድርጉ ብለን ልናሰናብታችሁ አይደለም። ሲና ዲ ብዙውን ጊዜ አንድ ሃርድ ዲስክ ተከፍሎ የተሰጠው ስም ነው፤ ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይቀበራሉ። ሁለተኛው ኮፒ ሌላ ዕቃ ላይ መሆን አለበት። ፍላሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ ከፍላሽ ላይ የሰረዛችሁት ፋይል ሪሳይክል ቢን አይገባም። ወዲያው ይሄዳል።

የፍላሽ ነገር ከተነሣ ያንን “ሾርትከት ቫይረስ” የምታስታውሱ አላችሁ? ፍላሹን ስትሰኩ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ የቀስት ምልክት ይለብሱና አይከፈቱም። ስንቱ ሰው አልቅሶ ፍላሹን ፎርማት አደረገ! ፋይሎቹ እኮ እዚያው ነበሩ። ቫይረሱ ደብቋቸው በስማቸው ሐሰተኛ መግቢያ ነው የተከለው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ የሚያውቅ ሰው በአምስት ደቂቃ ያወጣቸው ነበር። ያጠፋናቸው እኛው ነን፤ ስላላወቅን።

አሁን ወደ ስም እንምጣ፤ ትልቁ ጠብ ያለን እዚህ ነው።

ፋይል ስም ይኑረው ስንል “ደብዳቤ” በሉት ማለታችን አይደለም። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ደብዳቤ ነው። “ፋይናል” የሚባልም ስም የለም፤ በሁለተኛው ቀን “ፋይናል ፋይናል” ይወልዳል። በዶስ ዘመን ለስም የተፈቀደው ስምንት ፊደል ብቻ ነበር፤ ያኔ ማሳጠር ያምራል። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ እስከ 255 ፊደል ድረስ መጻፍ ይቻላል፤ በአማርኛም ጭምር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ደብዳቤን በላቲን እየጻፉ መንተባተብ ይቅርብን።

ግን እዚህ ላይ ኮምፒውተሩም የራሱ ግትርነት አለው። የደብዳቤ ቁጥራችን በእዝባር የተሞላ ነው። መሥሪያ ቤትን ራሱ “መ/ቤት” እንላለን። ዊንዶውስ ደግሞ / የሚለውን ምልክት ስም ውስጥ አይቀበልም፤ የአቃፊ መንገድ መለያ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ሁለት ነጥቡን : እና የጥያቄ ምልክቱን ? ጭምር ይከለክላል (የእኛን ሁለት ነጥብ ፡ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል)። እና ጸሐፊዋ የደብዳቤውን ቁጥር ልትጽፍ ትሞክራለች፤ ኮምፒውተሩ ይጮኽባታል፤ ተናዳ “ዶክመንት 1” ትለዋለች። በእዝባሩ ፈንታ ጭረት - አድርጊ ያላት የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ደቂቃ!

ቀኑስ? ወሩን በስሙ ብትጽፉ በሀሁ ተራ ሲሰለፍ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፤ መጋቢት ደግሞ መስከረምን ተከትሎ ይቆማል። መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ 2016-03-05 ብትሉ በራሱ ጊዜ ተራውን ይይዛል። ጳጉሜን 13 ናት፤ ችግር የለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ “2016” የሚል ፎልደር ስታዩ የማን 2016? የእኛ ወይስ የፈረንጆቹ? በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ! ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው። ቢሮው አንዱን ይምረጥና ሁሉም በዚያ ይጻፍ። የትኛውንም ይምረጥ፣ አንጣላም።

“ኧረ ተዉን፣ ሰርች አለ እኮ!” የሚሉን ወዳጆች አሉን፤ በተለይ ታናናሾቻችን። በስልክ ያደጉ ናቸው፣ አንፈርድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘ ቨርጅ ባወጣው ጽሑፍ ላይ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ተማሪዎቻቸው ፎልደር ምን እንደሆነ እንደማያውቁ ተናግረዋል። ፋይሉ ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ሲፈለግ ይጠራል። ለእንግሊዝኛ ይሁንላቸው እንበል። በአማርኛ ግን ሰርች እንዴት እንደሚያዋርድ እንንገራችሁ። “ሥራ ልምድ” ብሎ የተቀመጠውን “ስራ ልምድ” ብላችሁ ብትጠሩት አይመጣም። ለኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ሌላ ፊደል ነው። ፀሐይ የምትባል ሴት ስም ስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ቆጠርን፤ በሁለቱ “ጸ” እና በስድስቱ “ሀ” ብቻ 12 ደረሰብን። እናታችን በዚያች አንድ ፊደል የተነሣ አልነበር እንዴ መመላለስ የጀመሩት? በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈውን ሰነድማ ተዉት፤ ከጀርባው የላቲን ኮድ ስለሆነ በአማርኛ ብትጠሩት አይሰማችሁም።

ለቴሌግራም ደግሞ ለብቻው አንድ ጩኸት አለን። የመሥሪያ ቤት ሰነድ ዛሬ የሚመላለሰው በቴሌግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ስታወርዱት “ዳውንሎድስ” ውስጥ “ቴሌግራም ዴስክቶፕ” የሚባል ፎልደር ውስጥ ገብቶ ይቆለላል፤ የሠራተኛ ደመወዝ ከቀልድ ቪዲዮ አጠገብ። ከፍታችሁ አርማችሁ ሴቭ ስትሉ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ወደ ቦታው ውሰዱት፣ ከዚያ አርሙት። ይኸው ነው።

“አገር በስንት ነገር ተወጥራ እናንተ ስለ ፎልደር?” የሚል አስተያየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ወንድማችን፣ አገር የምትውለው የት ነው? ቀበሌ፣ ክፍለ ከተማ፣ ሬጅስትራር ቢሮ፣ የጡረታ መስኮት አይደለም እንዴ? እዚያ “ነገ ተመለሱ” የተባለ ሰው ሁሉ ጉቦ ተጠይቆ አይደለም። አንዳንዱ የተመለሰው ሥራውን በቅጡ ያላስተማሯት ልጅ “ኒው ፎልደር (7)” ውስጥ ጠፍታ ነው። እሷን መስደብ አይገባም፤ ኃላፊዋን ግን እንጠይቀዋለን። አንድ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ሥራው አብሮት የሚወጣ ከሆነ ቢሮው የአለቃው ሳይሆን የጸሐፊዋ ነው። ፎልደር በጉዳይ ይከፈት፤ ሰው ሲቀየር ጉዳዩ አይቀየርም። ይህን የመዝገብ ቤት ሴቶች ድሮ ያውቁት ነበር።

የእናታችን ደብዳቤ መጨረሻ ምን ሆነ ላላችሁ፤ አልተገኘም። ሠንጠረዡ ከወረቀት ፋይላቸው ላይ እንደገና ተለቅሞ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶ ተጻፈ። የአያት ስሙም ተስተካከለ፤ ተፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። ልንወጣ ስንል አንዳችን ልጅቷን “ኮፒውን የት አስቀመጥሽው?” አልናት።

ፈገግ አለች። “ዴስክቶፕ ላይ።”