የቤተሰብ ጤና፦ ጠባሳውን ቀሚስ ይሸፍነዋል

በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚረግጠው የኢምባካሲን መሬት ነው። በ1958 የተከፈተው የአውሮፕላን ጣቢያ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ቀድሞ በሰፈሩ ስም ኢምባካሲ ይባል ነበር፤ ከ1978 ወዲህ ግን በጆሞ ኬንያታ ስም ይጠራል። በኢምባካሲ ብዙ ፎቅ ያላቸው፣ ነገር ግን አሳንሰር የሌላቸው ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። እኛም ከነዚህ ቤቶች በአንዱ የሚኖር ወዳጃችንን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፣ ከሀገር ቤት የመጡትን እናቱን በአራተኛው ፎቅ ላይ አገኘናቸው።

እኚህ እናት ደረጃውን በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ከወጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። የቀኝ ዳሌያቸው ሕመም ቀን እርምጃ፣ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ሐኪሙም መገጣጠሚያው እንዲለወጥ መክሯቸዋል። ልጃቸው ቁስሉ እጅግ ትንሽ የሆነ፣ በሽተኛውንም በማግሥቱ የሚያስኬድ አዲስ ዘዴ መኖሩን ሰምቶ ስለ ነበር በደስታ ይነግረን ጀመር። እናቱ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ ጠባሳውንማ ቀሚሴ ይሸፍነዋል። ቁስሉ አንሶ እግሬ ቢያጥርስ?» አሉ። ጥያቄያቸው ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው የዛሬውን ጽሑፋችንን ለእርሱ ሰጥተነዋል።

የዳሌ መገጣጠሚያ የሚባለው የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ውስጥ ካለው ጽዋ መሰል ጎድጓዳ ጋር የሚጋጠምበት ስፍራ ነው። ሁለቱንም ለስላሳ ልባስ ስለሚሸፍናቸው ያለ ሕመም ይንቀሳቀሳሉ። ልባሱ በዕድሜ ብዛት ሲያልቅ፣ ወይም ደም ወደ ክቡ ራስ መድረሱን አቁሞ አጥንቱ ሲሞት፣ ወይም ስብራት በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፣ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ያን ጊዜ መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሥ ይሆናል እንጂ ያለቀውን አይመልስም።

ይህን ለማዳን በ1891 ቴሚስቶክሌስ ግሉክ የተባለ የበርሊን ሐኪም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ መገጣጠሚያ ሞክሮ ነበር። ዛሬ ለምንሠራበት ዘዴ መሠረቱን የጣለው ግን እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ነው። እርሱም የኢምባካሲ ጣቢያ ከተከፈተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ በራይቲንግተን ሆስፒታል ትንሽ የብረት ራስ በጠንካራ የፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ እንዲሽከረከር አድርጎ፣ ሁለቱንም እንደ ስሚንቶ በሚደርቅ ነገር ከአጥንቱ ጋር አያያዘ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2007 ይህን ሥራ «የምዕተ ዓመቱ ኦፕራሲዮን» የሚል ስም በሰጠ ጽሑፍ አወድሶታል። በዚሁ መጽሔት በ2019 የወጣ ጥናት እንዳመለከተውም፣ ከተለወጡት መገጣጠሚያዎች ከ10ሩ 6 የሚያህሉት 25 ዓመት ያገለግላሉ።

ሆኖም ቻርንሊ ወደ መገጣጠሚያው ለመድረስ ሰፊ ስፍራ ይከፍት፣ የጭን አጥንትን የጎን ጉብታ ቆርጦ ያነሣና በመጨረሻ በሽቦ ያስር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ይህን መቁረጥ እያስቀሩ ሄዱ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ የቆዳውን ቁስል ከ10 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ በብዙ ሀገር ተስፋፋ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ቆዳውን በጥቂቱ መቅደድ ነው፤ ሁለተኛው ከቆዳው በታች ያለውን ጡንቻ ሳይቆርጡ ማለፍ ነው። ለምሳሌ ከፊት በኩል የሚገባ ሐኪም ጡንቻዎቹን እየለየ በመካከላቸው ያልፋል። በዚህም የበሽተኛው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊቀሉ ይችላሉ። ነገር ግን የጭኑን ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ተነክቶ ጭኑ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ዘዴውም ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። በጠባብ ስፍራ የሚሠራ እጅ ካልሠለጠነ ጽዋው ተጣሞ ሊገባ፣ የጭኑ አጥንት ሊሰነጠቅ፣ አንዱም እግር ከሌላው ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። እንግዲህ የእናታችን ሥጋት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ2005 የታተመ አንድ የቤልፋስት ጥናት ጉዳዩን በግልጽ ያስረዳል። በዚያም 219 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ለእኩሌቶቹ ከ10 ሳንቲሜትር በማይበልጥ፣ ለቀሩት በ16 ሳንቲሜትር ቁስል ያው አንድ ሐኪም ሠራላቸው። በፈሰሰው ደም፣ በሕመሙ፣ በአካሄዳቸውም ቢሆን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በማግሥቱ ተነሥቶ መራመድም ዛሬ ለትልቁም ለትንሹም ቁስል የተለመደ ሆኗል።

በእኛ ቤት ልማድ ደግሞ ከጠባሳው ይልቅ የሚያሳስበው የአቀማመጣችን ነገር ነው። ከኋላ በኩል ከገባ ኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ሐኪሞች በሽተኛው ለጥቂት ሳምንታት ዳሌውን ከቀጥተኛ ማዕዘን አልፎ እንዳያጥፍ፣ እግሩንም እንዳያነባብር ያዝዛሉ፤ አለዚያ አዲሱ ራስ ከጽዋው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ በመጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት፣ በጸሎት ጊዜም መስገድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መቆየት አለባቸው። ከፊት ሲገባ ክልከላው ብዙውን ጊዜ ይቀልላል፤ ቢሆንም ትእዛዙን የሚሰጠው የሠራው ሐኪም ነው።

በአውሮፕላን ለሚመለስ በሽተኛም ሁለት ነገር እንጨምራለን። በእግር ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል የጉዞውን ቀን ሐኪሙ ይወስን፤ ባት ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በጣቢያው የፍተሻ በር ሲያልፉም በሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ደወሉን ሊያስጮኸው ይችላልና ለፈታሹ አስቀድሞ መንገር መልካም ነው።

በዚያ ምሽት ከእናቲቱና ከልጃቸው ጋር ተቀምጠን ለሐኪሙ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች በወረቀት ጻፍን። በየትኛው በኩል ይገባሉ? በዚህ ዘዴ ለስንት ሰው ሠርተዋል? የእግሩን ልክ በምን ይመዝናሉ? ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ምን ይደረጋል? ደረጃ መውጣትን የሚያለማምደኝ ማን ነው? የጠባሳውን ርዝመት የሚጠይቅ መስመር ልጁ በመጨረሻ ላይ ጽፎ ነበር፤ እናቱ ፈገግ ብለው አሰረዙት።

በማግሥቱ ልንሰናበት ስንመጣ በርጩማው ከስፍራው ተነሥቶ፣ ልጁ የገዛው ከፍ ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር ተተክቶ አገኘን። እናቲቱም ቁመቱን በእጃቸው እየለኩ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉን። እኛም ሕክምናውን ለሚጠባበቁ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።